ማዳበሪያ ውስጥ የገባው ሸለቆ

የጋሽ ቱፋን መሞት የሰማሁት ከሰው አይደለም። ከሳሪስ ወደ አቃቂ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ኋላ ወንበር ላይ ተጣብቤ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ፣ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የቴሌግራም ገጽ ላይ ፎቷቸው ብቅ አለ። ዙሪያውን በጥቁር ክፈፍ ከበውታል። ከሥሩ “ቅርሳችንን ጠብቀው ለትውልድ ያስተላለፉ ባለውለታችን” የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከጽሑፉ ቀጥሎ አንድ ሻማና አንድ የሚያለቅስ ፊት። ረዳቱ ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ አልሰማሁትም መሰለኝ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

እንደ ደንቡ መጀመሪያ ማዘን ነበረብኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ግን ንዴት ነው፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። ጠብቀው ያስተላለፉ! ምኑን? ለማን? እሳቸውስ ጠብቀው ነበር። በማዳበሪያ ጠቅጥቀን ያጋዝነው እኛ ነን። “እኛ” ስል ሌላውን ለመሸፈን አይደለም፣ ራሴን ጨምሬ ነው። ፎቶውንም ቢሆን ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። አንገታቸው ላይ ባጅ ተንጠልጥሎ፣ ጭናቸው ላይ አዲስ የወረቀት ማህደር አስቀምጠው፣ በሰው አዳራሽ ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። በሕይወታቸው ክፉው ቀን ያ ነበር። ፎቶው ሲነሣ ግን ገና አላወቁም፣ ፈገግ ብለዋል።

ጋሽ ቱፋ የካባው ጠባቂ ነበሩ። ካባው ከአቃቂ ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ በላይ ያለ፣ ሥራው ከቆመ ብዙ ዓመት የሆነው የድንጋይ ማውጫ ነው። በአንድ በኩል ሰው ጠርቦ ያቆማቸው የሚመስሉ ጥቁር የድንጋይ ምሰሶዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ግድግዳ ሠርተዋል፤ ጥንት ከመሬት ሆድ የወጣ ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ እየተሰነጠቀ የሠራቸው ናቸው። ከግድግዳው ሥር ደግሞ ጎርፍ የቦረቦረው ሸለቆ አለ። በየክረምቱ ዝናቡ አፈሩን ሲያጥበው ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ባልጩት ብቅ ይላል። አላፊ አግዳሚው ጠጠር ነው ብሎ ይረግጠዋል። ግን እዚያ ወንዝ ዳር፣ ስማቸውን ማንም የማያውቀው የጥንት ሰዎች ጠርበው ሥጋ የቆረጡበት፣ ቆዳ የፋቁበት መሣሪያ ነው።

ጋሽ ቱፋ የአካባቢው የድሮ ገበሬ ልጅ ናቸው። አባታቸው ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ የብረታ ብረት ፋብሪካና መጋዘን ቆሞበታል። እሳቸው በጉልበታቸው ዘመን እዚያው ካባ ውስጥ በመዶሻ ድንጋይ ሲፈልጡ ኖሩ። “ሳሪስ ላይ ያለ ቤት ሁሉ መሠረቱ የኔ ላብ ነው” እያሉ ይጎርሩ ነበር። ኋላ አጥኚዎች መጥተው ሸለቆውን ሲያዩ የድንጋይ ማውጣቱ ሥራ ታገደ፣ ድንጋይ ፈላጩ ሰውዬ ድንጋይ ጠባቂ ሆኑ። አንድ ቆርቆሮ የጥበቃ ቤት፣ አንድ ካፖርት፣ አንድ ዱላ ተሰጣቸው። ከአጥኚዎቹ ኋላ ኋላ እየሄዱ፣ ያልገባቸውን እየጠየቁ፣ ከእኛ ባለዲግሪዎቹ የበለጠ አወቁ።

እኔ የተዋወቅኳቸው ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በአንድ የቱሪዝም መዳረሻ ልማት ጽሕፈት ቤት በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ጽሕፈት ቤቱን በስም አልጠራውም፤ እንደሱ ያለ ሞልቷል። ከምኖርበት ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በሁለት ታክሲና በአንድ ባጃጅ ካባው ደርሼ፣ ሸለቆው አፋፍ ላይ ቆሜ ሳይ፣ እግሬ ሥር አንድ የሚያምር ባልጩት አየሁ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት።

“መልሺ!” የሚል ድምፅ ከኋላዬ አስደነገጠኝ።

ዞር ስል ረጅም፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሽማግሌ ቆመዋል።

“ይቅርታ፣ ከአዲሱ ጽሕፈት ቤት ነኝ፣ ባለሙያ ነኝ” አልኩ።

“ባለሙያ ከሆንሽ የበለጠ መልሺ።”

መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

“እዚያ አልነበረም። አንድ ጣት ወደዚያ። ፊቱም እንዲህ አልነበረም፣ ገልብጪው። እንዲያ። አሁን እጅ ወደ ኋላ።”

እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ዲግሪ አለኝ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጄን ኋላ አድርጌ ተከተልኳቸው። የካባው ሕግ ይሄ ነበር። ሸለቆው ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ፣ ተማሪም ቢሆን ቄስም ቢሆን፣ የውጭ አገር ጎብኚም ቢሆን ባለሥልጣንም ቢሆን፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በኖራ በተሰመረው መስመር ላይ ብቻ ይሄዳል። በአንድ ጊዜ ከአሥር ሰው በላይ አይገባም። ተረከዙ ሹል ጫማ አይገባም። ዝናብ ከጣለ ደግሞ አፈሩ እስኪረጋ ማንም አይገባም፣ ከየትም ይምጣ። እጅ ወደ ኋላ የሚለው ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው “እጅ ፊት ለፊት ከዋለ ያነሣል። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እጅ ስለሆነ ነው” አሉኝ።

ይሄ ሁሉ ለምን እንዳስፈለገ ያስረዱኝ በዚያው ቀን ነው። ሸለቆው መሀል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ዙሪያውን የባልጩት ፍርፋሪ ተበትኗል። ጋሽ ቱፋ ከመስመሩ ሳይወጡ በዱላቸው እያመለከቱ “ይሄ የሰውዬው ቤት ነው” አሉ። ሰውዬው የሚሉት ያንን የጥንት ጠራቢ ነው። እንደ ጎረቤት ነበር የሚያወሩለት። “እዚህ ተቀምጦ ወንዙን እያየ ይጠርባል። ፍርፋሪው ወዴት ወዴት እንደወደቀ እይ። ወደዚህ በዝቷል፣ ወደዚያ ሳስቷል። ግራኝ ነበር፣ እንደኔ።”

“ዶክተሯ ናት እንዲህ ያለችዎት?” አልኳቸው። ዶክተሯ የምንላት ሸለቆውን ለዓመታት የምታጠናው ተመራማሪ ናት።

“ዶክተሯ ‘ሊሆን ይችላል’ ነው ያለችው። እኔ ግን ግራኝ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።” ዱላቸውን ወደ ጎን አዞሩና “ሚስቱ ደግሞ እዚያ ትቀመጥ ነበር” አሉ።

“እሱንስ በምን ያውቃሉ?”

“አላውቅም። ብቻውንማ አይቀመጥም።”

ከዚያ ፊታቸውን አኮሳትረው የነገሩኝ ነገር፣ የአራት ዓመት ትምህርቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልነገረኝ ነው። “ይሄን ፍርፋሪ ሰብስቤ እቤትሽ ባመጣልሽ ምን አለሽ? ድንጋይ አለሽ። እዚህ እንደተበተነ ስታዪው ግን ሰው ታያለሽ።” ሰውዬው ያለው በድንጋዮቹ መካከል ባለው ቦታ ላይ ነው፤ አንዱ ከተነሣ ከሰውዬው ላይ ይቀነሳል ማለታቸው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እየተመላለስኩ ሰማኋቸው። አልገባኝም ነበር እንዳልል አምላክ ያየኛል።

ቁጡ ናቸው ይሏቸው ነበር። ቁጡስ ነበሩ። ባልጩት በኪሱ ይዞ የወጣን ሰው መኪናው ድረስ ተከትለው ኪሱን ያስገለብጡታል። ግን ጨዋታም ያውቃሉ። አንድ ቅዳሜ የሠርግ አጀብ ክላክስ እያስጮኸ መጣ፤ ሙሽሮቹን ከምሰሶዎቹ ሥር ፎቶ ለማንሣት ነው። ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹ ሸለቆው ውስጥ ገብተው ድንጋይ ሲወራወሩ ሊያነሣቸው አስቧል። ጋሽ ቱፋ መንገድ ዘግተው ቆሙ።

“ሙሽራዋ ትግባ፣ ጫማዋ ይቅር። እጅ ወደ ኋላ” አሉ።

“ፋዘር፣ ሠርግ ነው እኮ፣ ወታደር ቤት አደረጉት እንዴ?” አለ ሙሽራው።

“ወታደር ቤትማ ቢሆን እጅህ ጭንህ ላይ ነበር የሚሆነው።”

ሙሽራዋ ሳቋ መጣ። ጫማዋን አወለቀች፣ ቬሎዋን ሚዜዎቿ ያዙላት፣ እጇን ኋላ አድርጋ በኖራው መስመር ወረደች። ቬሎ ያልያዘው ሚዜ ሁሉ፣ ሙሽራውም ጭምር፣ እያጉረመረመ እጁን አጣምሮ ተከተላት። ሰውዬው ቤት ሲደርሱ ጋሽ ቱፋ ታሪኩን ነገሯቸው። ክላክስ ሲያስጮኽ የመጣ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ከሳምንት በኋላ ሙሽራዋ ፎቶውን አሳትማ ላከችላቸው፤ አሥር ሰው በአንድ ረድፍ፣ በሱፍና በቬሎ፣ እጅ ወደ ኋላ። የጥበቃ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ።

ለመሥሪያ ቤታችን አዲስ ኃላፊ ተሾመ። ወጣት ነው፣ ተናጋሪ ነው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ካባውን አንድ ጊዜ መጥቶ አየው፤ እጅህን ወደ ኋላ አጣምር ሲባል ስልክ የተደወለለት መስሎ አፋፉ ላይ ቀረ። ሲመለስ ስብሰባ ጠራን። “ይሄ ሳይት ሞቶ ነው ያለው” አለ። “አሥር አሥር ሰው እያስገባን መዳረሻ አንሠራም። ካፌ ያስፈልጋል፣ ፏፏቴ ያስፈልጋል፣ መብራት ያስፈልጋል፣ ሰው መጥቶ ሴልፊ የሚነሣበት ያስፈልጋል።” በፕሮጀክቱ ሰነድ ላይ በየገጹ “ዘላቂ” የሚለው ቃል አለ። ዘላቂ ልማት፣ ዘላቂ ጉብኝት፣ ዘላቂ ተጠቃሚነት። እኔ ነኝ የተየብኩት። ለምርቃቱ ቀን ተቆረጠ፤ ቀን ከተቆረጠ ደግሞ በእኛ አገር መሬት ራሷ ለሪባኑ መዘጋጀት አለባት።

ከምርቃቱ በፊት በሰፈሩ ወጣቶች የጽዳት ዘመቻ ይደረግ ተባለ። ኃላፊው ቢሮው ጠርቶኝ ለወጣቶቹ አስተባባሪ የሚላክ ደብዳቤ እንዳዘጋጅ አዘዘኝ። “በመዳረሻው ግቢ ተበታትነው ለጎብኚ እንቅስቃሴ እንቅፋት የሆኑ ድንጋዮች ተሰብስበው በአንድ ቦታ እንዲከማቹ” ብዬ ጻፍኩ። ቃሉን ያሳመርኩት እኔ ነኝ፤ እሱማ “ድንጋዩን አስነሺልኝ” ነው ያለኝ።

“ሸለቆውንም ይጨምራል?” አልኩት፤ ይሄን መጠየቄን አልክድም።

“ግቢ ማለት ግቢ ነው” አለኝ ከስልኩ ቀና ሳይል። “ደግሞ ሽማግሌው እዚያ ካሉ ሥራ አይሠራም። ቅዳሜ ቃሊቲ አዳራሽ ስልጠና አለ፤ አንቺ ትቀርቢያቸዋለሽ፣ ይዘሻቸው ሂጂ።”

“እሺ” አልኩ። ያችን “እሺ” ስንት ጊዜ መልሼ አስቤያታለሁ። አልጮኸብኝም፣ አላስፈራራኝም። የሙከራ ጊዜዬን ከጨረስኩ ቆይቷል፣ እምቢ ብል ቢበዛ ይቆጣኝ ነበር። “እሺ” ያልኩት እሺ ማለት ስለለመድኩ ነው።

የስልጠናው ርዕስ ምን እንደነበር ልንገራችሁ? “ዘላቂ ቱሪዝም በጂኦሎጂና በአርኪዮሎጂ ቅርስ ስፍራዎች።” ቀልድ አይደለም። ጋሽ ቱፋ ለዚህ ብለው ካፖርታቸውን ትተው ኮት ለብሰው መጡ። ባጁን አንገታቸው ላይ ያጠለቅኩላቸው እኔ ነኝ። ማህደሩን፣ እስክሪብቶውን፣ የውሃ ጠርሙሱን በሥርዓት ደረደሩ፤ አሠልጣኙ ያለውን ሁሉ በትልልቅ ፊደል ይጽፋሉ። ያን ጊዜ ነው ፎቶ ያነሳኋቸው። ከሰዓታት በኋላ እጃቸውን አወጡ።

“ልጄ፣ ጥሩ ትምህርት ነው” አሉ አሠልጣኙን። “ግን በዚህ በምታስተምረን ውስጥ ማንም ሰው የማይመጣበት ቀን አለ ወይ? መሬቱ የሚያርፍበት?”

አሠልጣኙ ፈገግ ብሎ “በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው አባት፣ በውይይት ሰዓት እንመለስበታለን” አለ። አልተመለሰበትም። ምሳ መጣ።

እኔ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። በዚያች ሰዓት ሸለቆው ውስጥ ምን እየተደረገ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቢያንስ እጠረጥራለሁ፤ በመጠርጠርና በማወቅ መካከል ያለውን ልዩነት የፈጠረልን ፈሪ ሰው ይመስለኛል። ሻይ አመጣሁላቸው። “አንቺ ልጅ ዛሬ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም” አሉኝ። ራሴን አመመኝ አልኳቸው።

ከሰዓት በባጃጅ ተመለስን። ሰርተፍኬታቸውን እንዳይታጠፍ ደረታቸው ላይ ይዘውታል። አፋፉ ላይ ስንደርስ ወጣቶቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ፎቶ ይነሣሉ። ከኋላቸው ማዳበሪያዎች አፋቸው በሲባጎ ታስሮ በረድፍ ተደርድረዋል። ሸለቆው ተጠርጓል። በመጥረጊያ። የመጥረጊያው ጭረት አፈሩ ላይ ይታያል። ጠፍጣፋው ድንጋይ ብቻውን ቀርቷል፣ ዙሪያው ባዶ ነው። የኖራው መስመርም የለም።

“ጋሽዬ፣ እንዴት ነው?” አለች አንዲት የሰፈር ልጅ እየሮጠች መጥታ፤ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። “አንዲት ጠጠር አላስቀረንም!”

ልጅቷ ላይ አይፈረድም፣ የታዘዘችውን በቅንነት ነው የሠራችው። ጋሽ ቱፋ ይጮኻሉ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልጮኹም። ወደ አንዱ ማዳበሪያ ሄደው ሲባጎውን ፈቱና አንድ ባልጩት አወጡ።

“ይሄን ከየት ነው ያነሣሽው ልጄ?”

“ከዚያ ጋ” አለች፤ በክንዷ ሸለቆውን በሙሉ አሳየቻቸው።

ሌላውን ልጅ ጠየቁ። ሌላውን ጠየቁ። ሁሉንም አንድ በአንድ፣ በለዘበ ድምፅ ጠየቁ፣ ሁሉም “ከዚያ ጋ” አሉ። ጥያቄው ሲያልቅ ኃላፊው ከመኪናው ወርዶ “ጋሽ ቱፋ፣ እዩማ ቦታው ሰው መሰለ!” አለ። አልፈውት ሄዱ። አስተባባሪውን “በማን ትዕዛዝ ነው?” አሉት። ልጁ ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው።

ጋሽ ቱፋ ማንበብ የተማሩት ካደጉ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቀስ ብለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ነው የሚያነቡት። እስከ ታች አነበቡት። ከኃላፊው ፊርማ ሥር በትንሽ ፊደል “አዘጋጅ፦ ሰናይት” ይላል። ወደ ጥበቃ ቤቱ ጠርተውኝ ገባን።

“አንቺ ነሽ የጻፍሽው?”

“ኃላፊው ናቸው ያዘዙኝ።”

“እሱን አልጠየቅኩሽም። አውቀሽ ነው?”

 መሬት መሬት አየሁ። ወረቀቱን በአራት አጥፈው መለሱልኝና “እሺ” አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ቢሰድቡኝ እንዴት በተሻለኝ!

በማግስቱ ማዳበሪያዎቹን እየፈቱ መመለስ ጀመሩ። ከምርቃቱም በኋላ ቀጠሉ። ከላይ ካፌው ሙዚቃ ይከፍታል፣ እሳቸው ታች በጉልበታቸው ተንበርክከው አንድ አንድ ባልጩት እያነሡ፣ እያገላበጡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እያስታወሱ ያስቀምጣሉ። ሰውዬው ቤት ዙሪያ የነበረውን ፍርፋሪ ብዙውን መለሱት። ቆሜ ሳየው እንደ ድሮው ሆኖ ታየኝ፤ በደስታ ልፈነድቅ ምንም አልቀረኝም። “መለሱት እኮ ጋሽ ቱፋ!” አልኳቸው። እሳቸው ግን ትክ ብለው አዩትና “ይሄ ከኔ ጭንቅላት የወጣ ነው። ከሱ እጅ የወደቀው አይደለም” አሉ።

ኃላፊው ነገሩን ሲሰማ ግን በጣም ደስ አለው። ቦታው በቅርስነት እንዲመዘገብ የሚገመግም ቡድን ይመጣል፣ በቡድኑ ውስጥ ዶክተሯ አለች። ጋሽ ቱፋን ወደ ካፌው ጠርቶ፣ ቁጭ አድርጎ፣ በአክብሮት ለመናቸው። “አባቴ፣ ምንም አይናገሩ። ከተመዘገበ አጥር ይሠራል፣ ጥበቃ ይጨመራል፣ እርስዎም ቋሚ ይሆናሉ። እርስዎ የሚፈልጉት ቦታው እንዲጠበቅ አይደለም እንዴ?” እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። በልቤ እሳቸው ዝም ቢሉ የኔም ጥፋት ይቀበራል እያልኩ ነበር።

ቡድኑ መጣ። ዶክተሯ ገና ስትገባ ግራ ገብቷታል፤ ፏፏቴውንና ካፌውን አይታ ፊቷ ጠቁሯል። ሰውዬው ቤት ስትደርስ ግን ተንፈስ አለች። ተንበርክካ በሜትር መለካት ጀመረች። “እግዜር ይስጥዎት ጋሽ ቱፋ፣ ይሄን እንኳ አተረፉልን። እንደነበረ ነው አይደል?” አለች። ኃላፊው ከኋላዋ ቆሞ ዓይን ዓይናቸውን ያያቸዋል።

ጋሽ ቱፋ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“አይደለም” አሉ። “ተነሥቶ ነበር። በማዳበሪያ ገብቶ ነበር። ይሄ እኔ ያስቀመጥኩት ነው። ሰውዬው የለም ልጄ፣ አትለኪ። የኔን ስህተት ለካሽ ለሰው ታስተምሪያለሽ።”

ዶክተሯ ተንበርክካ እንዳለች ቀረች። ከዚያ ሜትሩን ጠቀለለች፤ ለኃላፊው ሁላችንም እየሰማን የተናገረችውን ቃል እዚህ ልጽፈው አልችልም፣ የሚገባው ግን ነበር። ቦታው ሳይመዘገብ ቀረ። ጋሽ ቱፋ በወሩ “ዕድሜያቸው ለሥራው ስለማይመጥን” ተብለው ተሰናበቱ። ያን ደብዳቤ እንኳ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፣ ለዚህ ተመስገን። ማዳበሪያ ውስጥ የቀረውን ባልጩት በፏፏቴው ዙሪያ በሲሚንቶ ለጠፉት፤ ማታ ማታ በቀይና በሰማያዊ መብራት ያብለጨልጫል። አስጎብኚው “የጥንት ሰዎች የኖሩበት ትክክለኛው ቦታ ይሄ ነው” እያለ ሰው ያስቆማል። እኔም ብዙ ሳልቆይ መሥሪያ ቤቱን ለቀቅኩ፤ በተቃውሞ ለቀቀች እንዳይባልልኝ፣ ሌላ የተሻለ ሥራ አግኝቼ ነው። ጋሽ ቱፋን ሄጄ አልጠየቅኋቸውም። ዛሬ ነገ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

ከሚኒባሱ ወርጄ በቀጥታ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ በር ላይ የመሥሪያ ቤቱ የአበባ ጉንጉን ቆሟል። እትዬ ሙሉ፣ ባለቤታቸው፣ ውስጥ ፍራሽ ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። አጎንብሼ ሳምኳቸውና ስሜን ነገርኳቸው። ፊቴን ትንሽ አዩና እጄን ያዙኝ።

“ሰናይት ማለት አንቺ ነሽ?”

“አዎ እትዬ።”

“ያን ለት ስልጠና ብለሽ የወሰድሽው?”

“አዎ።”

ታመልጠኛለች ያሉ ይመስል እጄን በሁለት እጃቸው ጠበቅ አደረጉት። “እኔ ረግሜሽ ነበር ልጄ። ‘ያቺ ልጅ ናት ያታለለችህ’ ባልኩት ቁጥር ይቆጣኛል። ‘እሷ ምንም አታውቅም፣ እሷንም አታለዋት ነው’ ይለኛል። አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ እንኳ ስምሽን ሳነሣ ይሄንኑ ነው ያለኝ። በከንቱ ረግሜሻለሁና ይቅር በይኝ።”

ዝም ብል ያልፍ ነበር። ዙሪያችን የተቀመጡት ሴቶች አንጀታቸው ተንሰፍስፎ ያዩኛል።

“አውቅ ነበር እትዬ ሙሉ” አልኩ። “ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ቱፋም አንብበውታል። ጠይቀውኛል። ያውቁ ነበር።”

እትዬ ሙሉ ለጊዜው የገባቸው አልመሰለኝም። ከዚያ እጄን ቀስ ብለው ለቀቁት።

“ቱፋ ለዚያች ዶክተር እውነቱን ተናግሮ ነው ሥራውን ያጣው” አሉ። “ስንት ችግር አሳለፍን። አንድ ቀን ‘ዝም ብትል ምናለ’ ብዬ ክፉ አልተናገርኩትም፤ መዋሸት አይችልም፣ ተፈጥሮው ነው ብዬ። ላንቺ ሲል እኔን ዋሸኝ?”

 ይቅርታ ያድርጉልኝ ለማለት አፌን ስከፍት እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

“እሱ ችሎ ይሆናል” አሉኝ። “እኔ አልችልም። ሂጂልኝ።”